የጠቆረችው ጠርሙስ

ከማርያም ደብር ሥር፣ ወረታ አጠገብ
ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

በአዳማ ለምትኖረው ለበኩር ልጄ ለበእውቀቱ፣

ልጄ ሆይ፣ ጤናህ እንዴት ነው? አዳማ ሙቀቱ ይበረታል ይላሉ፤ ሰውነትህ ለምዶታል ወይ? እኛ በእመቤታችን ቸርነት ሁላችንም ደኅና ነን። የእናትህ ጉልበት ወንዛዬ ወርዳ ሁለት ሳምንት ፍል ውኃ ታጥባ ከተመለሰች ወዲህ ተሽሏታል፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ደጀ ሰላም ትደርሳለች። ትልቋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ሩዙም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

እናትህ በስልክ እንደምታገኝህ አውቃለሁ። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ያላየሁ እመስላለሁ። እኔ ግን በስልክ ነገር አይሆንልኝም፤ ድምፅህን ብሰማ ልናገር ያሰብሁት ሁሉ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። በብዕር ኖሬበታለሁና ይኸን ጽፌ፣ ሩዝ ጭኖ ወደ አዳማ ለሚወርደው ለሾፌሩ ለደስታው እሰጠዋለሁ። እናትህም ድርቆሽ ቋጥራልሃለች።

የምጽፍልህ ስለ እኅትህ ስለ ሰብለ ወንጌል ነው። ስለ ደብሩ ጉድጓድም ነው፤ ሁለቱ አንድ ነገር ሆነዋል። ከሌላ ሰው አፍ ተቆራርጦ ከሚደርስህ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብያለሁ።

ሰብለ ወንጌል አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። አንተ ስትሄድ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ቁመቷ ከእናትህ በልጧል። ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ቅዳሜ ወረታ ላይ ለአገሩ ተማሪዎች ለሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት መርጠዋት ኖሯል። ትምህርቱን አንተ ታውቀዋለህ። በአሥራ ሰባት ዓመትህ አንተም ለዚሁ ተመርጠህ ሳለ፣ ከዜማውና ከቅኔው ያስወጣሃል ብዬ ፊርማዬን ከለከልሁህ፤ ወደ ቅኔ ቤትም ሰደድሁህ። አንተም ከዚያ ወደ ቤትህ ሳትመለስ በዚያው ወደ አዳማ ወረድህ።

የእኅትህን ወረቀት ሳነብ እናትህ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል «አንዱን ልጄን በዚህ ወረቀት አጥቻለሁ፤ ሁለተኛዋን አላጣም» አለችኝ። ፈረምሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥታ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ትወርዳለች፤ ከዚያ በባጃጅ ወረታ ትገባለች። ስትመለስ የሰማችውን ሁሉ ሳትነግረን እህል አትቀምስም። አንድ ቀን የኩሬ ውኃ ጠብታ በማይክሮስኮፕ አይታ፣ ውስጡ የሚርመሰመሰውን ፍጥረት በወረቀት ሥላ አመጣችልን። ሌላ ቀን የደብሩን ትልቅ ዝግባ ጥላ ለክታ ቁመቱን አወቀችው። እኔም ይኸማ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጥላችንን በጫማ ለክተን የቅዳሴ ሰዓት እናውቅበታለን ብዬ አሳየኋት። ለመምህርቷ ነግራት ኖሮ፣ አባትሽ መጥተው ለእኛም ያስተምሩን የሚል መልእክት ደረሰኝ። እኔ ግን ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ የምቀመጥበት ዕድሜ አልፏል ብዬ ተውሁት።

የካቲት መግቢያ ላይ ለየተማሪው አራት አራት ትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ሰጧቸው። በየጠርሙሱ ውስጥ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት አለ። ተማሪው በየመንደሩ የሚጠጣውን ውኃ ይቀዳበትና ሙቀት ባለው ቦታ ሦስት ቀን ያስቀምጠዋል። ውኃው ዓይነ ምድር የነካው ከሆነ እንደ ቀለም ይጠቁራል፤ ንጹሕ ከሆነ እንዳለ ይቆያል። ሰብለ ወንጌል አንዱን ከርብ ወንዝ፣ አንዱን ከወረታ ቧንቧ፣ አንዱን ከፈላ ውኃ፣ አንዱን ከደብራችን ጉድጓድ ሞላች። በጭድ ሸፍና ከጎታው ሥር አኖረቻቸው።

በሦስተኛው ቀን እኔ ደጅ ተቀምጬ ብራና ስፍቅ ሁለት ጠርሙስ ይዛ ወጣች። የወንዙ ጠቁሯል፤ እርሱ አልገረመኝም።

«አባዬ፣ የጉድጓዱም ጠቁሯል» አለችኝ።

ያ ጉድጓድ ለእኔ ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለቅዳሴ የመጣው ሰው የሚጠጣው ሲያጣ፣ ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ርብ ድረስ ሲወርዱ አይቼ ሕዝቡን የቀሰቀስሁት፣ ቦታውን የመረጥሁት፣ አንተን ይዤ ድንጋዩን የካብሁት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሙሉ አርባ ቤት ጠጥቶበታል። ሰዉ ሲጠራው እንኳ «የመሪጌታ ጉድጓድ» ነው የሚለው። ጠርሙሷን ከእጇ ተቀብዬ ከአጥሩ ወዲያ ወረወርኋት። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከእንግዲህም ቅዳሜ ወረታ አትሄጂም አልኋት።

አንተ ብትሆን ትመልስልኝ ነበር። እርሷ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከጉድጓዱ የሚመጣውን ውኃ ሁሉ ታፈላው ኖሯል፤ ለእኔ የሚቀርበውንም ጭምር። ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት መምህርቷ ራሷ መጣች። ውባንቺ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ከአስፋልቱ ጀምራ በእግሯ ስለወጣች ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ጉልበት ስማ ተቀመጠች። ልጄን ለምን እንዳስቀረሁ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ስለ ጉድጓዱ ነው፤ ስንት ክንድ እንደሚወርድ፣ ማን እንደካበው፣ በክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ውኃው ይደፈርስ እንደሆነ። እኔም ኮራ ብዬ መለስሁላት። በመጨረሻ በልጅ ጨዋታ የደብሩን ስም ልታጠፉ ነው አልኋት።

«እንግዲያው የኔታ፣ የልጅን ነገር አይመኑ» አለችኝ። «እርስዎ በእጅዎ ይቅዱ። የትኛው ከየት እንደተቀዳ እርስዎ ብቻ ይወቁት፤ ለእኔም ለሰብለ ወንጌልም አይንገሩን። እኛ የምናየው መጥቆሩን ነው። ከተሳሳትን በሕዝቡ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አነጋገሯ ደስ አለኝ። እንደማሸንፋትም አልተጠራጠርሁም። ስድስት ጠርሙስ ተቀበልኋት። ሁለቱን ከጉድጓዱ ቀዳሁ፤ ለሁለቱ ያንኑ የጉድጓድ ውኃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ሞላሁ፤ ለቀሩት ሁለቱ ወረታ ድረስ ወርጄ ከቧንቧ ቀዳሁ። በየጠርሙሱ የግእዝ ቁጥር ጻፍሁ። የትኛው ቁጥር የየት እንደሆነ በሌላ ወረቀት ጽፌ በጥምጥሜ ውስጥ ሸሸግሁት። ጠርሙሶቹን በጋቢ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍሁባቸውና ቁልፉን ባንገቴ አንጠለጠልሁ። እናትህ እያየች ትስቅብኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን መምህርቷ መጣች። ሳጥኑን ከፍቼ ስድስቱን በሰሌን ላይ ደረደርኋቸው። ሰብለ ወንጌል ተንበርክካ አየቻቸው፤ አንዱንም አልነካችም። አራት ቁጥርና ስድስት ቁጥር ጠቁረዋል አለች። የቀሩት አራቱ ጥርት ብለዋል። ወረቀቱን ከጥምጥሜ አውጥቼ ዘረጋሁት። አራት፣ ከጉድጓዱ። ስድስት፣ ከጉድጓዱ።

መምህርቷ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ክር ታስር ጀመር። ያው የጉድጓዱ ውኃ ሲፈላ ጠርቶ መቆየቱን አይቻለሁና ጠርሙሱ ነው፣ መድኃኒቱ ነው ልል አልቻልሁም። በገዛ እጄ ቀድቼ፣ በገዛ ቁልፌ ቆልፌ ያገኘሁት ነው።

ተነሥቼ ብቻዬን ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ከምእመናኑ ሽንት ቤት እስከ ጉድጓዱ አፍ በእርምጃ ለካሁት፤ ሃያ ሁለት ነው። ሽንት ቤቱ ከላይ፣ ጉድጓዱ ከታች። ያን ስንቆፍር አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። አካፋህን ተደግፈህ «አባዬ፣ ከሽንት ቤቱ በታች ሆነብን፤ ወደ ላይ ብናደርገው አይሻልም?» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ታች ውኃው ቅርብ ነው፣ ቁፋሮው ይቀላል ብዬ፣ ደግሞም በሰው ፊት በልጄ መታረሙን ጠልቼ፣ ዝም በል አልሁህ። ነገሩን ረስቼው ነበር ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

የመፃጉዕ እሑድ ደረሰ። አስተዳዳሪያችንን ቄስ ወልደ ሥላሴን አስቀድሜ አስፈቅጄ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆምሁ። ዕለቱ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው በሽተኛ የሚነበብበት ነው፤ በዚያ ቀን ስለ ውኃ ልናገር መቆሜ እኔንም ገርሞኛል። ጉድጓዱ እያሳመመን እንደሆነ፣ እንዴት እንዳወቅሁት፣ የመጀመሪያዋን ጠርሙስ መወርወሬን ሳልደብቅ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ሳታፈሉ አትጠጡ አልሁ።

ባየህ ተነሣ። ታውቀዋለህ፣ የላይኛው ሠፈር ገበሬ ነው፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን በአህዮቹ ጭኖ ያመጣልን። የእመቤታችንን ደጅ ውኃ እንዴት ረከሰ ትላላችሁ ብሎ ተቆጣ። ጠበሉ ሌላ፣ ጉድጓዱ ሌላ ነው አልሁት። ጠበሉን እግዚአብሔር አፈለቀው፤ ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ቦታው የቆፈርሁትም እኔው ነኝ። ያኔ ወደ ላይ እናድርገው ያለኝ ሰው ነበረ፣ አልሰማሁትም ብዬም ጨመርሁ። ማን ነው እርሱ አለኝ።

«ልጄ በእውቀቱ ነው» አልሁ።

ከሴቶቹ በኩል አምሳል ብድግ አለች። አምና በክረምቱ የሁለት ዓመት ልጇ በተቅማጥ የሞተችባት ናት፤ ሕፃኗ ስትቀበር እኔም ቆሜ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔታ፣ ልጄን የወሰደብኝ ይኸ ውኃ ነው?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠያቂ አላቀረበልኝም።

«አላውቅም፣ አምሳል። ሊሆን ይችላል» አልኋት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። እስከ ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄድሁ፤ ሁለቱን ጊዜ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። በሦስተኛው አስገባችኝ፤ ውኃ በጣሳ ሰጠችኝና የፈላ ነው አለችኝ። ጠጣሁ። ኋላ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ስንጀምር ድንጋይ ተሸክማ መጥታለች፤ ሰላምታዋ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አልቀየማትም።

ባየህ ደግሞ እልህ ይዞት፣ ሰው እያየው ከጉድጓዱ እየቀዳ ሲጠጣ ሰነበተ። እኔ ብናገረው ይብስበት ነበር። ሰብለ ወንጌል ግን አንዲት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ቤቱ ሄደች፤ እርስዎ ራስዎ ይቅዱና ያስቀምጧት ብላው ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ጠርሙሷን በመሐረብ ጠቅልሎ ደጃችን ቆመ። ለእኔ አላሳየኝም፤ ለእርሷ ነው የፈታላት። ከዚያ በኋላ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታዲያ የት እንቆፍር አላት። እርሷም ለክተን እንነግርዎታለን አለችው። እኔ በጎን ቆሜ እሰማለሁ። ገበሬው ባየህ፣ በአገሩ ነገር ሁሉ ከእኔ ጋር ሲከራከር የኖረው ሰውዬ፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እሺ ብሎ ሄደ።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ መምህርት ውባንቺ ተማሪዎቿን በአውቶቡስ ይዛ መጣች። ሃያ ስምንት ናቸው፤ ከይፋግም የመጡ ነበሩባቸው። ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ አወጡ። ሽንት ቤቱን፣ የከብቱን በረት፣ የመቃብሩን ቦታ አንድ ሳይቀር በወረቀት ሣሉት። ከዚያ ከሁሉም በላይ በሆነ፣ ከሁሉም በራቀ ቦታ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲህ ችካል ተከሉ።

ሲያርፉ መምህርቷ ያን ስለ ጥላው የላክሁብዎትን ልመና አሁን ይፈጽሙልን አለችኝ። ዝግባው ሥር አስቀመጥኋቸውና ጥላን በጫማ ለክቶ ሰዓት ማወቅን አስተማርኋቸው። ጥያቄያቸው ልክ የለውም። አንዷ፣ ሰዓቱ ያው ሆኖ ሳለ የታኅሣሥ ጥላ ለምን ይረዝማል ብላ ያዘችኝ፤ የተማርሁትን ነገርኋት፣ ያም እንዴት ሆነ አለችኝ፤ እርሱንም ነገርኋት፣ አሁንም አልለቀቀችኝም። እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ፊቴ ከተቀመጠ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ ቁፋሮው ተጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ክንድ ወረድን፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ክንድ አለት ነው። እኔም አንድ ቀን በገመድ ወርጄ ቆፍሬያለሁ፤ እናትህ ያን ቀን አላናገረችኝም። ባየህ ከሁሉ በፊት መጥቶ ከሁሉ በኋላ ይሄድ ነበር። ውኃው በሚርቅበት ወር የተቆፈረ ስለሆነ አይነጥፍም። ተማሪዎቹ ሦስት ጊዜ ፈተኑት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደጠራ ቆየ። አሁን አገሩ ከዚያ ይጠጣል። የድሮው ተከድኖ ለችግኝ ማጠጫ ሆኗል።

እስካሁን የምንቀዳው በገመድና በባልዲ ነው። የእጅ ፓምፕ ይግባበት የሚሉ አሉ፤ የቱ እንደሚስማማው ግን እዚህ የሚያውቅ የለም። አንተ በፓምፕ ሥራ እንደተመሰገንህ፣ ከአዳማ ውጪም እየመጡ እንደሚወስዱህ እናትህ ነግራኛለች። ሥፍራውን አይተህ እንዲህ ይሁን የምትለን ከሆነ፣ እንደምትለው ይሆናል።

የእኅትህ ነገር ይኸን ሁሉ አስጻፈኝ። ለክረምቱ ትምህርት ተመርጣለች፤ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ ሁለት ወር ዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደረች ትማራለች። ወረቀቱን በአንድ ላይ ነው የሞላነው። ችግር ቢያጋጥም የሚጠራ ሌላ የቤተሰብ ሰው የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ፣ እኔን ሳትጠይቅ ያንተን ስም ጻፈች፤ የስልክ ቁጥርህንም በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ የዚያን ዕለት ነው ቁጥርህን ያየሁት። በሌላ ወረቀት ገልብጬ ይዤዋለሁ።

በመዝጊያው ዕለት፣ ነሐሴ ፳፯ ቀን፣ ተማሪዎቹ የሠሩትን ለቤተሰቦቻቸው ያሳያሉ። ሰብለ ወንጌል ስለ ጉድጓዱ ትናገራለች፤ ከአሁኑ ጓሮ ቆማ ለጥጃዋ እየተናገረች ትለማመዳለች። ለየተማሪው ሁለት ሁለት ወንበር ስለተፈቀደ የሁለት ሰው ስም አስመዝግቡ አሉን። እናትህ መንገዱ ለጉልበቴ አይሆንም አለች። ምክንያቷ ጉልበቷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንዱ ወንበር የእኔ ነው። ለሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ወረታ ወርጄ፣ መዝገቡ ላይ በእጄ «በእውቀቱ ዓለምነህ» ብዬ ጻፍሁ።

መምህርት ውባንቺ ስሙን አንብባ፣ ይመጣል ወይ አለችኝ። ጠይቄው አላውቅም አልኋት።

ይኸው፣ ጠየቅሁህ።

እመቤታችን በምትሄድበት ሁሉ ከፊትህ ትቅደም። እጅህ የያዘው ይሳካ፤ የሥራ ባልደረቦችህ ይውደዱህ፤ ክፉ ወሬህን አያሰማን።

አባትህ
ዓለምነህ